ጉልበት ውስጥ የገባ ሻጋታ

ስለ ጉልበት መርፌ የሚወራው አብዛኛው ምስጋና ነው። ደረጃ መውጣት አቅቷቸው የነበሩ፣ ለስግደት መንበርከክ የፈሩ፣ ከታክሲ ሲወርዱ የሰው ክንድ የሚይዙ ሰዎች «አንዴ ወግተውኝ ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። መገጣጠሚያ ውስጥ የሚወጋ ስቴሮይድ እብጠትንና ሕመምን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለጥቂት ወራት ያስታግሳል። ከመርፌው በኋላ ጉልበቱ በጀርም የሚመረዝበት አጋጣሚ ብዙ ጊዜ የሚገመተው ከ10,000 መርፌ አንድ ገደማ ተብሎ ነው። ከዚያች አንድ ውስጥም የሚበዛው የባክቴሪያ ሥራ ነው። ፈንገስ ብርቅ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ብርቅ ነገር ነው። ለብርቅ ነገር ይህን ያህል ወረቀት ለምን ይባክናል ለሚለኝ ሰው ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ፈንገስ ጉልበት ውስጥ ሲገባ አይቸኩልም፤ ሐኪሙንም ታማሚውንም የሚያታልለው በዝግታው ነው። ሁለተኛ፣ በመርፌ ሰበብ የመጣ ፈንገስ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ ላይሆን ይችላል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ማን ወጋው?» ብሎ ነው። እኔ ግን የዚህን ጉዳይ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር «ምን ወጉት?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥብኛል።

ከዝግታው ልጀምር። ባክቴሪያ፣ በተለይ ስታፊሎኮከስ የተባለው፣ ጉልበት ውስጥ ሲገባ በቀናት ውስጥ ቀውጢ ይፈጥራል። ጉልበቱ ይቀላል፣ ይግላል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይመጣል፤ እግር ማንቀሳቀስ ቀርቶ አንሶላ ሲነካው ያስጮኻል። ሐኪም ቤት ለመሄድ የሚያመነታ የለም። ፈንገሱ ግን ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው ብቅ የሚለው። ጉልበቱ ትንሽ ያብጣል፣ ጠዋት ይገትራል፣ ማታ ይጠዘጥዛል፤ ትኩሳት ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ሰውየው ደግሞ መጀመሪያውኑ የተወጋው ጉልበቱን ስለሚያመው ነው። አሮጌው ሕመም ተመለሰ ይላል እንጂ አዲስ ነገር መጣ ብሎ እንዴት ይጠርጥር? ሐኪሙም «የመድኃኒቱ ኃይል አልቋል» ብሎ መርፌውን ይደግመው ይሆናል። ያኔ በሻጋታው ላይ ሁለተኛ ስቴሮይድ ተጨመረለት ማለት ነው።

ስቴሮይዱ ሻጋታውን አይወልደውም፤ ያመቻችለታል። ጉልበት ሲያብጥና ሲግል የምናየው የሰውነታችን ዘበኞች፣ ማለትም ነጭ የደም ሴሎች፣ የሚያደርጉትን ግርግር ነው። ስቴሮይድ ሕመም የሚያስታግሰው ያን ግርግር ጸጥ በማሰኘት ነው። ግርግሩ በከንቱ የተነሣ ከሆነ እሰየው፤ ጸጥታው እፎይታ ነው። ከመድኃኒቱ ጋር ሌላ እንግዳ ሰርጎ ገብቶ ከሆነ ግን ዘበኛው የሚያንቀላፋው ሌባው አጥር በሚዘልበት ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚያምታታው ሌላ ነገር አለ። መርፌው በተወጋ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ጉልበቱ ብሶ የሚያምበት ጊዜ አለ፤ የመድኃኒቱ ክሪስታሎች መገጣጠሚያውን ስለሚቆጠቁጡት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ይበርዳል። ቶሎ መጥቶ ቶሎ የሚሄደው ይህ ነው። ሊያስጨንቅ የሚገባው ዘግይቶ መጥቶ አልሄድ የሚለው ነው።

ፈንገስ ስንል ሁለት ወገን አስቡ፤ እርሾና ሻጋታ። ሁለቱንም የኢትዮጵያ ወጥ ቤት አሳምሮ ያውቃቸዋል፤ አንዱ ሊጡን ያቦካል፣ ሌላው የሰነበተ እንጀራ ላይ አረንጓዴና ጥቁር ሆኖ ይወጣል። መገጣጠሚያን ከሚያጠቁ ፈንገሶች በብዛት የሚገኘው ከእርሾው ወገን የሆነው ካንዲዳ ነው። አንጀታችንም ቆዳችንም ላይ በሰላም ይኖራል። ጉልበት የሚደርሰው በአብዛኛው በደም ተጉዞ ነው፤ ሆስፒታል ረጅም ጊዜ የተኛ፣ ደም ሥሩ ውስጥ ቱቦ የገባለት፣ ብዙ አንቲባዮቲክ የወሰደ፣ ወይም የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ላይ። ካንዲዳ ፓራፕሲሎሲስ የተባለው ዝርያ ግን የሰው እጅ ላይ መኖር ስለሚወድ በመርፌ፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በተተከለ ሰው ሠራሽ ጉልበት በኩል በቀጥታ የመግባት ዕድል አለው። እጅ መታጠብና ቆዳን በአልኮል ወይም በአዮዲን ማጽዳት ይህን በር ይዘጋል። ሦስተኛው በር ግን በሳሙና አይዘጋም። እሱም ብልቃጡ ራሱ ነው።

ብልቃጡን ካነሣን ወደ አሜሪካ መሻገር ግድ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሴፕቴምበር 18 ቀን 2012 በቴነሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ የምትሠራ ኤፕሪል ፔቲት የተባለች የቫንደርቢልት ሐኪም ለግዛቱ ጤና መሥሪያ ቤት አንድ ግራ የገባት ነገር አሳወቀች። ማጅራት ገትር የያዘው ታማሚ አላት፤ ባክቴሪያ አልተገኘበትም፤ የተገኘበት አስፐርጊለስ የተባለ ሻጋታ ነው። እንዲህ ያለ ሻጋታ ጤናማ መከላከያ ያለውን ሰው አንጎል ሽፋን እምብዛም አያጠቃም። ምን አድርጎ ነበር ሲባል፣ ከሳምንታት በፊት ለወገብ ሕመም ጀርባው ላይ ስቴሮይድ ተወግቶ ነበር።

ያች አንዲት የስልክ ጥሪ ብዙ ሰው አድናለች ብዬ አምናለሁ። ሐኪሟ «እንግዳ ነገር ነው» ብላ በካርዱ ላይ ጽፋ ብትተወው ኖሮ ማንም አይወቅሳትም ነበር።

መርማሪዎቹ መንገዱን ሲከተሉ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ፍሬሚንግሃም ከተማ የሚገኝ ኒው ኢንግላንድ ኮምፓውንዲንግ ሴንተር የተባለ ቀማሚ ፋርማሲ ደረሱ። ቀማሚ ፋርማሲ ማለት ፋብሪካ የማይሠራውን መድኃኒት ለአንድ በሽተኛ በሐኪም ማዘዣ የሚያዘጋጅ ነው፤ መዋጥ ለማይችል ሕፃን ክኒኑን ሽሮፕ ማድረግን የመሰለ ሥራ። ይህ ግን ስሙ ፋርማሲ ሆኖ ሥራው ፋብሪካ ነበር። ሜቲልፕሬድኒሶሎን አሴቴት የተባለውን ስቴሮይድ በሦስት ዙር ምርት ከ17,000 በላይ ብልቃጥ ሞልቶ በ23 ግዛቶች ለሚገኙ 76 ክሊኒኮች ልኳል። ከግዛቶቹ መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ይገኛሉ። ወደ 13,500 የሚጠጋ ሰው ከዚያ መድኃኒት ተወግቷል። ሕጉ ለእያንዳንዱ ብልቃጥ የበሽተኛ ስም ስለሚጠይቅ የፈጠራ ስሞች ይሞሉ ነበር፤ ዓቃቤ ሕግ በኋላ ካቀረባቸው መካከል በ2009 የሞተው የማይክል ጃክሰን ስም ይገኛል።

የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ሲገቡ ካዩአቸው 321 ብልቃጦች በ83ቱ ውስጥ አረንጓዴና ጥቁር ነገር ይንሳፈፍ ነበር። በላቦራቶሪ ከመረመሯቸው 50 ብልቃጦች በሃምሳውም ጀርም በቅሏል። ሕንጻው ቆሻሻ መልሶ ከሚሠራ ድርጅት ጎን ነው፤ የንጹሑ ክፍል የአየር ማቀዝቀዣ ሌሊት ሌሊት ይጠፋ ነበር፤ በእንፋሎት ቢያንስ 20 ደቂቃ መቀቀል የነበረበት መድኃኒት 15 ደቂቃ ገደማ ብቻ ተቀቅሏል፤ የንጽሕና ምርመራው ውጤት ሳይደርስም ብልቃጦች ይላኩ ነበር።

የመቀቀሉ ጉዳይ ተራ ቸልተኝነት እንዳይመስል የመድኃኒቱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሜቲልፕሬድኒሶሎን አሴቴት እንደ ውኃ የጠራ አይደለም፤ ደቃቅ የመድኃኒት ቅንጣት የሚንሳፈፍበት ወተት መሰል ነጭ ፈሳሽ ነው። የጠራ መድኃኒት መጨረሻ ላይ ጀርም በማያሳልፍ ረቂቅ ማጣሪያ ሊያልፍ ይችላል፤ ይህን ግን ብታጣሩት ከጀርሙ ጋር መድኃኒቱም ይቀራል። ስለዚህ ያለው መተማመኛ እንፋሎቱ ነው። ነጭ በመሆኑ ደግሞ በጥቂቱ የጀመረ ሻጋታ ለዓይን አይታይም። በዚያ ላይ ይህኛው መከላከያ ኬሚካል ያልተጨመረበት ነበር፤ እነዚያ ኬሚካሎች ነርቭ ይጎዳሉ ተብሎ ስለሚፈራ ለጀርባ መርፌ ያልተጨመረበት ይፈለጋል። ሦስቱን አንድ ላይ አስቧቸው፤ የማይጣራ፣ የማያሳይ፣ ራሱን የማይከላከል። እንፋሎቱ ከተዘለለ ምንም አጥር አልቀረም።

የበቀለው ሻጋታ ማንነት የተፈጥሮ ቀልድ ይመስላል። ኤክሰሮሂለም ሮስትራተም ይባላል፤ ኑሮው አፈርና ሣር ላይ ነው፤ ሐኪሞች ከስንት አንዴ በዓይን ወይም በሳይነስ ሕመም ያዩት ነበር እንጂ የሰው በሽታ ብለው አይቆጥሩትም። የቅርብ ዘመዱን፣ ኤክሰሮሂለም ተርሲከምን፣ የኢትዮጵያ የበቆሎ ገበሬ በስሙ ባይሆን በሥራው ያውቀዋል፤ የበቆሎውን ቅጠል በረጃጅም ግራጫ ቁስል የሚያቃጥለው እሱ ነው። ቅጠል የሚበላ ዘር በስቴሮይድ አልጋ ላይ ተኝቶ ሰው መብላት ጀመረ።

በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ቆጠራ ከ750 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ 64 ሞቱ። ዓቃቤ ሕግ በኋላ የሟቾቹን ቁጥር ከ100 በላይ አድርጎታል። አብዛኞቹ በጀርባቸው የተወጉ ናቸው፤ ሻጋታው ወደ አንጎል ሽፋን ወጥቶ የደም ሥሮችን ዘግቶ ነው የገደላቸው። ከታመሙት 33ቱ ግን ሕመማቸው መገጣጠሚያቸው ላይ ብቻ ነበር፤ ጉልበት፣ ትከሻ፣ ቁርጭምጭሚትና የመሳሰለው።

እነዚህ 33 ሰዎች ጋዜጣ ላይ እምብዛም አልወጡም። ከጎናቸው ሰው እየሞተ የማን ጉልበት ይወራል? የእነሱ መከራ ግን ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። ስልክ ተደውሎ «የተወጉት መድኃኒት ተበክሎ ሊሆን ይችላል» ይባላሉ። «ጉልበቴ እኮ ድሮም ያመኛል» ይላሉ። ፈሳሹ ይቀዳል፤ ካልቸሩ (ጀርሙን በላቦራቶሪ አብቅሎ የማየቱ ምርመራ) ምንም ላያበቅል ይችላል፤ ምንም ስላልበቀለ ነጻ ነዎት ለማለት ግን የሚደፍር የለም። ሕመምህ የትናንቱ ይሁን የዛሬው ሳታውቅ ወራት መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያሳብድ መገመት አያቅትም። እንዲያውም ቁጥሩ 33 ላይ መቆሙን ሳስብ፣ «አሮጌ ሕመም ነው» ተብሎ ያለፈ ጉልበት አይጠፋም ብዬ እጠረጥራለሁ። ይህ የእኔ ግምት ነው።

የፍርድ ቤቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው። የፋርማሲው ኃላፊ ባሪ ካደን በ2017 በማጭበርበርና በተደራጀ ወንጀል ጥፋተኛ ተባለ፤ ከግድያው ክስ ግን ነጻ ወጣ። የተፈረደበት 9 ዓመት በ2021 ወደ 14 ዓመት ከመንፈቅ ከፍ አለ። በ2024 ደግሞ በሚሺጋን በ11 ሰዎች ሞት ክሱን ሳይከራከር ተቀብሏል። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በ2002 ደቡብ ካሮላይና የሚገኝ ሌላ ቀማሚ ፋርማሲ ያዘጋጀው ያው ሜቲልፕሬድኒሶሎን አምስት ሰዎችን በጥቁር ሻጋታ አሳምሞ ነበር። አራቱ ማጅራት ገትር፣ አንዷ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ያዛቸው፤ አንድ ሰው ሞተ። ያው መድኃኒት፣ ያው ዓይነት ፋርማሲ፣ ያው ዓይነት ጥፋት። ማስጠንቀቂያው አሥር ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር። በብዛት የሚቀምሙትን በፌዴራል ቁጥጥር ሥር የሚያስገባው ሕግ የወጣው ሬሳ ከተቆጠረ በኋላ፣ በኖቬምበር 2013 ነው።

ጉዳዩ የአሜሪካም የስቴሮይድም ብቻ አይደለም። ሜክሲኮ ውስጥ በ2022 በዱራንጎ፣ በ2023 ደግሞ በማታሞሮስ፣ ፉዛሪየም የተባለ ሻጋታ በወገብ ከሚሰጥ ማደንዘዣ ጋር ገብቶ በዱራንጎ በአብዛኛው ወላድ እናቶችን፣ በማታሞሮስ ለውበት ቀዶ ሕክምና የሄዱ ሰዎችን ገድሏል። ጉልበት ላይ ዛሬ ገበያ የደራላቸው «ስቴም ሴል» የሚባሉ መርፌዎችም ከዚህ ወሬ አያመልጡም። በ2018 አሜሪካ ውስጥ ከእትብት ደም ተዘጋጅቷል የተባለ ምርት ተወግተው በባክቴሪያ ተመርዘው ሆስፒታል የገቡ ነበሩ። ያ ፈንገስ ባይሆንም በሩ አንድ ነው፤ ሰው እጅ ሳይደርስ የተበከለ ብልቃጥ።

አሁን ወደ ምርመራው። ጉልበቱ ያበጠ ሰው ላይ ዋናው ነገር መርፌ ከቶ ፈሳሹን መቅዳት ነው። የጤነኛ ጉልበት ፈሳሽ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራና የሚሳብ ነው፤ በባክቴሪያ የተመረዘው መግል ይመስላል፤ ነጭ ሴሎቹ በአንድ ሚሊ ሜትር ኪዩብ ከ50,000 በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። የፈንገሱ መካከለኛ ነው፤ አንዳንዴ ደፍረስ ያለ፣ ሴሎቹ እጅግም ያልበዙ፣ ለማንም ሩጫ የማያዝ። ላቦራቶሪ ካልተነገረው ፈንገስ አይፈልግም። የባክቴሪያ ካልቸር ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ይዘጋል፤ ፈንገስ ግን እስከ አራት ሳምንት ሊያስጠብቅ ይችላል። ስለዚህ የላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ «ለፈንገስም ይቆይልኝ» የሚል አንድ መስመር መጻፍ፣ ከትልቅ መሣሪያ ይልቅ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ይህን ለሚያነብ ሐኪም ግን ፈንገስ የመጀመሪያ ጥርጣሬ እንዲሆን አልመክርም። በዝግታ የሚያብጥ፣ ትኩሳት የሌለው፣ ለአንቲባዮቲክ የማይመለስ አንድ ጉልበት በእኛ አገር መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ቲቢን ነው። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ወይም ከብት የሚያዋልድ ሰው ከሆነ ደግሞ ብሩሴሎሲስን። የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮ በወራት ውስጥ ለውጥ ሳይመጣ፣ ያ ሰው ከዚያ በፊት ጉልበቱን ተወግቶ እንደነበር ማንም ሳይጠይቅ ሲቀር። ቲቢን ለመፈለግ ከመገጣጠሚያው ሽፋን ሥጋ ሲወሰድ፣ ያው ናሙና ለፈንገስም ቢታይ ተጨማሪ ቁስል የለውም።

ሕክምናው ረጅምና አስቸጋሪ ነው። ባክቴሪያ ከሰው ሴል እጅግ ስለሚለይ የእሱን ብቻ የሚመታ መድኃኒት ማግኘት ይቀላል። ፈንገስ ግን በሴሉ አሠራር ከባክቴሪያ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል፤ እሱን የሚመታው መድኃኒት እኛንም ይነካናል። አምፎቴሪሲን ቢ ኩላሊትን ይጎዳል። የ2012ቱ ታማሚዎች በብዛት የወሰዱት ቮሪኮናዞል ጉበትን ያስቸግራል፣ ቆዳን ከፀሐይ ጋር ያጣላል፣ ዓይን ላይ ብልጭታ ያመጣል፤ የሌለ ነገር ያዩበትም ነበሩ። መጠኑ በደም ምርመራ እየተለካ ነው የሚሰጠው፤ መገጣጠሚያው ለተጠቃ ሰው ቢያንስ ለሦስት ወር ያህል። ለካንዲዳ የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ያወጣው መመሪያ ፍሉኮናዞል በቀን 400 ሚሊ ግራም ለስድስት ሳምንት ይላል፤ አጥንት ከገባ ከ6 እስከ 12 ወር። ከዚህ ሁሉ ጋር መገጣጠሚያው ተከፍቶ ወይም በቱቦ ታጥቦ መጽዳት አለበት። መድኃኒት ብቻውን መግል ውስጥ ገብቶ አይሠራም። ሰው ሠራሽ ጉልበት ላይ ሻጋታ ወይም እርሾ ከተለጠፈ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተተከለውን አውጥቶ ማጽዳት፣ ወራት ቆይቶ መልሶ መትከል ነው። ጉልበቱን ሊያስቀይር ያሰበ ሰው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት ሦስት ወራት ስቴሮይድ እንዳይወጋ የሚመከረውም ተተክሎ የሚመረዝ ጉልበት መዘዙ ከባድ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ መርፌው ያዋጣል? ከ1951 ጀምሮ፣ ጆሴፍ ሆላንደር ፊላደልፊያ ውስጥ ሃይድሮኮርቲሶንን መገጣጠሚያ ውስጥ መውጋቱን ካስታወቀ ወዲህ፣ ክርክሩ አልበረደም። በ2017 በታተመ ጥናት 140 የጉልበት ሕሙማን ለሁለት ዓመት በየ12 ሳምንቱ ተወጉ፤ ግማሾቹ ትራያምሲኖሎን የተባለ ስቴሮይድ፣ ግማሾቹ የጨው ውኃ። የሕመማቸው ልዩነት ጎልቶ አልታየም፤ ስቴሮይድ የተወጉት ግን በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ የበለጠ ሳሳ። ከዚህ ተነሥቼ መርፌው ይቅር አልልም፤ ለሠርግ ቆሞ ለመዋል፣ ለጉዞ፣ ስፖርታዊ እንቅስቃሴ ለመጀመር የሚያበቃ እፎይታ ዋጋ አለው። በየሦስት ወሩ እንደ ወር አስቤዛ መወጋት ግን ሌላ ነገር ነው። እያንዳንዱ መርፌ አዲስ ብልቃጥ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ መርፌ ክብር አለው። ክኒን ብቻ የሰጠ ሐኪም «ምንም አላደረገልኝም» ይባላል፤ የወጋ ሐኪም ይመሰገናል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድም ሻንጣው ውስጥ ለእናቱ ጉልበት «ጥሩው ነው» የተባለ ብልቃጥ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ማን እንዳዘጋጀው፣ በምን ሙቀት እንደተጓዘ ጠያቂ የለም። ለአንድ ሰው የተዘጋጀ ብልቃጥ ለሁለት ሲዳረስም «እንዳይባክን» ተብሎ ነው። ቁጠባው ይገባኛል፤ አንዴ የተበሳ ክዳን ግን ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው በር ነው።

በ2012 ከ13,500 ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉንም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በስልክ ወይም በአካል ማግኘት የተቻለው ክሊኒኮቹ ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ምርት እንደተወጋ ማውጣት ስለቻሉ ነው። ያን ቀን ከእኛ ክሊኒኮች አንዱ ላይ ብናመጣው፣ ነርሷ ካርዱን ገልጣ የምታገኘው ምን ይሆን? ቀኑን አዎ። «የጉልበት መርፌ ተሰጥቷል» የሚለውንም። የብልቃጡ ወረቀት ላይ የታተመው የምርት ቁጥር ግን ከባዶው ብልቃጥ ጋር ቆሻሻ ሳጥን ውስጥ ነው። ያን ወረቀት ልጦ ካርዱ ላይ ለመለጠፍ የሚፈጀው ጊዜ፣ ፋሻውን ለመለጠፍ ከሚፈጀው አይበልጥም።